ስም ከመንፈግ በፊት

በቦንጋ ያስተማርሁት አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ሞርሞኖች ክርስቲያኖች ናቸውን?» ሲል ጠየቀኝ። አስቀድሜ የአገሩን ታሪክ ነገርሁት።

ካፑቺናዊው አባ ማስያስ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1859 ወደ ከፋ በገቡ ጊዜ ከጥንት የቀረ የክርስትና ምልክት አገኙ፤ በ1861 ግን ንጉሡ ከአገር አስወጣቸው። በዚያ ዘመን ሮማ የ451ዱን የኬልቄዶን ጉባኤ ያልተቀበለችውን የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን እንደ ስሕተተኛ ትቈጥር ነበር፤ የእኛም ሊቃውንት ሮማን እንዲሁ። ሆኖም ሁለቱም በ325 በኒቅያ የተወሰነውን ሃይማኖት ያምኑ ነበር።

የሞርሞን ማኅበር በ1830 በአሜሪካ በጆሴፍ ስሚዝ ተመሠረተ። ኢየሱስን መድኅን ይሉታል፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ግን ሌላ መጽሐፍ ጨምረዋል፤ ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው የሚለውንም የኒቅያ ቃል አይቀበሉም። ሮማም በ2001 ጥምቀታቸውን አልቀበልም አለች።

እንግዲህ ልጄ ሆይ፣ ክርስትና ማለት የኒቅያ ሃይማኖት ከሆነ እነርሱ ከውጭ ናቸው፤ ክርስቶስን መድኅን ብሎ መከተል ብቻ ከሆነ ግን ከውስጥ ናቸው። እኔ ፊተኛውን ሚዛን እይዛለሁ። ነገር ግን ሚዛን ትምህርትን ለመመዘን እንጂ ጎረቤትን ለመናቅ አልተሰጠንም፤ እኛም በሌላው ሚዛን ቀለን የተቈጠርንበት ዘመን ነበርና።