ብቻውን የበላው ሊቀ ጳጳስ

ግንቦት 12 ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን ፍልሰተ ዐፅም ታስባለች። በአንጾኪያ ተወልዶ በ398 (እ.ኤ.አ.) በቁስጥንጥንያ መንበር መቀመጡን፣ ከንግሥት አውዶክስያ ጋር ተጋጭቶ በ407 በስደት ማረፉን ስንክሳር የሰማ ሁሉ ያውቃል። እምብዛም የማይነሣው ግን አንዱ ክስ ነው፦ ብቻውን ይበላል፣ እንግዳ መቀበልን አስቀርቷል ተብሏል።

በ403 በኬልቄዶን አጠገብ የእስክንድርያው ቴዎፍሎስ በመራው ጉባኤ ይህ ነገር ከሌሎች ክሶች ጋር ቀረበበት። ጉድ የሚያሰኘው፣ ያው ሰው ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ በሐዋርያት ሥራ ስብከቱ ሀብታሞቹን የገሠጸው በዚሁ ጉዳይ መሆኑ ነው። ለሠረገላችሁ ማደሪያ አላችሁ፣ ለሚንከራተተው ክርስቶስ ግን አንዲት ክፍል የላችሁም ብሏቸዋል። ቤተ ክርስቲያን የእንግዳ ማረፊያ አላት ብሎ ማምለጥም አልተቻለም፤ ሌላው ስለጸለየ አንተ ጸሎት ይቀርልሃል ወይ? ነው መልሱ። ምድር ቤትም ቢሆን ይበቃል፤ ብቻ አካል ጉዳተኛውና ቤት የለሹ ይግቡበት።

ታዲያ ሰባኪው ራሱ ንፉግ ነበር? ወዳጁ ጳላድዮስ ሆዱ ደካማ ነበር፣ የቤተ ክርስቲያንን ገንዘብ ለግብር ማብያ ማዋልንም እንደ ዘረፋ ይቆጥረው ነበር ይላል። ከጵጵስናው ቤት ወጪ ቀንሶ ለሕሙማን ቤት አውሏል። የቤርያው ጳጳስ አካክዮስ ደግሞ በእንግድነት መጥቶ ማረፊያው ስላልተመቸው ተቆጥቶ፣ ድስት እንደሚጥድለት፣ ማለትም እንደሚበቀለው ዝቷል። ወዳጅ ለወዳጁ ማድላቱ ባይቀርም እኔ ጳላድዮስን አምናለሁ። አፈወርቅ በሩን ዘጋ ከተባለም የዘጋው ማዕድ በለመዱት ላይ ነው።

 

ዛሬ ክርስትናውም ሠርጉም ወደ አዳራሽ ወጥቷል፤ ለመሸበት መንገደኛ «ቤት ለእንግዳ» የሚለው ድምፅም በከተማ ብርቅ ሆኗል። ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅምም ስለሆነ በብዙ ቤት ጠበል ጻድቅ ይቀመሳል። ዘንድሮ ጎረቤት ስትጠሩ የደጁንም ለማኝ ጥሩት፤ ድርሻውን በፌስታል አትስጡት፣ ገብቶ ከእናንተ ጋር ይቀመጥ።