የአኃዝ ማሳያ በእጅ በሚዘወሩ ማሽኖች ላይ፦ ከብሎን ዙር ወደ ጠረጴዛ ልኬት

ታቦር ተራራ የሐዋሳ ከተማ ምልክት ነው። ስሙም ከተራራው አልፎ ለአንድ ክፍለ ከተማና ለአንድ የሴራሚክ ፋብሪካ መጠሪያ ሆኗል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ በሐይቁ ዳር የተቆረቆረችው ይህች ከተማ ከጊዜ በኋላ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀ ሰፊ የኢንዱስትሪ ፓርክም ባለቤት ሆናለች። ፋብሪካ ባለበት ሁሉ የሚሰበር ዘንግ፣ የሚበላ ጥርስ፣ የሚላላ የኩሽኔታ መቀመጫ መኖሩ አይቀርም። የተሰበረውን ክፍል ከባሕር ማዶ ማስመጣት የውጭ ምንዛሪና የወራት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እዚሁ ለመሥራት ግን ንድፉ የሚያዘውን ልክ በእርግጠኝነት የሚያወጣ ቶርኖና ፍሬዛ ያስፈልጋል። በሐዋሳም ሆነ በሌሎች የአገራችን ከተሞች የጥገና ክፍሎች ዛሬም የሚያገለግሉት ማሽኖች ብዙዎቹ በእጅ መዘውር የሚነዱና ዕድሜ የጠገቡ ናቸው። እነዚህ ማሽኖች ከመዝገብ ይሰረዙ ወይስ ይታደሱ የሚለው ጥያቄ ለመሐንዲሱ የዘወትር ፈተና ነው። ለጥያቄው ከተሰጡት መልሶች አንዱ፣ የጠረጴዛውን ቦታ በአኃዝ የሚያሳይ መሣሪያ በአሮጌው ማሽን ላይ መግጠም ነው። ይህ መልስ ከየት እንደመጣና እስከምን ድረስ እንደሚያዛልቅ ለመረዳት የልኬቱን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

የብረት ቆረጣ ሙያ በአገራችን ስለተጓዘበት መንገድ የሙያው ቋንቋ ራሱ ይመሰክራል። ቶርኖ፣ ፍሬዛ፣ ትራፓኖ፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። ይሁን እንጂ ሙያው ከወረራው ዘመን ይቀድማል። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ በዚያች ከተማ የተቋቋመው ወርክሾፕ ሎኮሞቲቮችንና ፉርጎዎችን እየጠገነ፣ መለዋወጫም እየሠራ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ኖሯል። በደርግ ዘመን ደግሞ በአቃቂ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ተገነባ። በእነዚህ ሁሉ የሥራ ቦታዎች የተገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ መለዋወጫ መሥራት ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ልክን ማወቅ ማለት ነው።

በእጅ የሚዘወር ማሽን ልኩን የሚያውቀው በብሎን አማካይነት ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞድስሌይ እ.ኤ.አ. በ1800 ገደማ ብሎን የሚቆርጠውን ዝነኛ ቶርኖውን በሠራ ጊዜ የስለቱ ጉዞ ከባለሙያው ክንድ ወጥቶ በብሎን ጥርስ ላይ ተመሠረተ። በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር የሚራመድ ብሎን ጠረጴዛውን በዙር 5 ሚሊሜትር ይወስደዋል፤ በመዘውሩ ሥር ያለው ቀለበት በ100 እኩል ክፍሎች ከተቀረጸም እያንዳንዱ ክፍል 0.05 ሚሊሜትር ያመለክታል። ዘዴው ቀላልና ርካሽ በመሆኑ ለ150 ዓመታት ያህል ተወዳዳሪ አላገኘም። ነገር ግን በውስጡ አንድ ግምት ተሸሽጎበታል። ቀለበቱ የሚቆጥረው የብሎኑን ዙር እንጂ የጠረጴዛውን ጉዞ አይደለም። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ብሎኑም ዳዶውም ሳይበሉ እስከቆዩ ድረስ ብቻ ነው።

ብሎንና ዳዶ ለዓመታት ሲፋተጉ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። መዘውሩ አቅጣጫውን ሲቀይር ክፍተቱ እስኪሞላ ድረስ ጠረጴዛው ሳይነቃነቅ ቀለበቱ ብቻውን ይዞራል። ይህ ባዶ ዙር በጥቂት የመቶኛ ሚሊሜትሮች ተጀምሮ በአሮጌ ማሽን ላይ ከግማሽ ሚሊሜትር ሊያልፍ ይችላል። ከዚህም በላይ ብሎኑ ከዳር እስከ ዳር እኩል ስለማይበላ ስሕተቱን በአንድ ቁጥር ማረም አይቻልም። ልምድ ያለው ባለሙያ ይህን በብልሃት ይወጣዋል፤ ወደሚፈልገው ልክ ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ ይቀርባል፣ ካለፈው ብዙ ወደ ኋላ መልሶ እንደገና ይመጣል፣ ማሽኑ የት ቦታ ላይ እንደሚያታልል በልቡ ይዟል። ይህ ዕውቀት ሊከበር የሚገባው ነው። ሆኖም ሰውየው ጡረታ በወጣ ቀን ዕውቀቱም አብሮት ይወጣል፤ በቦታው የሚተካው ወጣት ያንኑ ማሽን እንደገና ከሀ ብሎ መማር ይኖርበታል።

የሰው ልጅ በዚህ መካከል የመለኪያ መሣሪያዎቹን ማሻሻሉን አላቋረጠም። ፈረንሳዊው ፒየር ቬርኒየር በስሙ የሚጠራውን ተንሸራታች መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1631 አሳተመ። ዣን ሎራን ፓልመር የእጅ ማይክሮሜትሩን በ1848 በፓተንት አስመዘገበ፤ አሜሪካውያኑ ብራውንና ሻርፕም በ1867 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ይህንኑ መሣሪያ አይተው በአገራቸው ማምረት ጀመሩ። ስዊድናዊው ካርል ዮሐንሰን ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እርስ በርስ እየተጣበቁ ማንኛውንም ልክ የሚሰጡ የብረት ጡቦችን አበጀ። እነዚህ ሁሉ ታላላቅ ሥራዎች ናቸው። የሚለኩት ግን የተቆረጠውን ብረት እንጂ የሚቆርጠውን ማሽን አይደለም። ባለሙያው ይቆርጣል፣ ማሽኑን ያቆማል፣ ይለካል፣ እንደገና ይቆርጣል። አንድ ጊዜ ከልክ በታች የወረደ ዘንግ ደግሞ ተመልሶ አይሞላም።

መፍትሔው የተገኘው ከብረት ሳይሆን ከብርሃን ነው። ሁለት ስስ የነጠላ እጥፎች ተደራርበው ወደ ብርሃን ሲያዙ በላያቸው የሚሄድ የጥላ ሞገድ ይታያል፤ አንዱ እጥፍ በጥቂቱ ሲነቃነቅ ሞገዱ ብዙ ይጓዛል። ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1874 በቀጫጭን መስመሮች የተሠመሩ ሁለት ገጾች ሲደራረቡ የሚፈጠረው እንዲህ ያለ ሞገድ የመስመሮቹን ትክክለኛነት ለመፈተሽ እንደሚጠቅም አመለከተ። ሐሳቡ ወደ ማሽን ጠረጴዛ እስኪደርስ ግን ብዙ ዓመታት አለፉ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በኤዲንብራ ከተማ የፌራንቲ ኩባንያ መሐንዲሶች የመስመር ሞገዱን በኤሌክትሪክ ዓይን እየቆጠሩ ማሽንን ለመቆጣጠር ተጠቀሙበት። በጀርመን አገር በትራውንሮይት የሚገኘው የሃይደንሃይን ኩባንያም በመስተዋት ላይ ጥቃቅን መስመሮችን በማተም ጥበብ ታወቀ።

በዚያው ዘመን የአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም በቁጥር ትእዛዝ ራሱን የሚነዳ ፍሬዛ በ1952 ለሕዝብ አሳይቶ ነበር። ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ማሽኑን በሙሉ ለቁጥር ትእዛዝ የሚያስረክብ ነው፤ ሁለተኛው መዘውሩን በሰው እጅ ትቶ ዓይኑን ብቻ የሚያበራ ነው። የኤሌክትሮኒክ ቆጣሪዎች ዋጋ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እየቀነሰ ሲሄድ ሁለተኛው መንገድ ለተራው ወርክሾፕ ተከፈተ።

አሠራሩ ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም። በማሽኑ ቋሚ አካል ላይ መስመሮቹ በ20 ማይክሮሜትር የተራራቁ የመስተዋት መለኪያ ይታሰራል፤ በሚንቀሳቀሰው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ብርሃን የሚያበራና የሚቀበል አንባቢ ይገጠማል። አንባቢው በሩብ ሞገድ የተቀዳደሙ ሁለት ምልክቶችን ይሰጣል። ማን ማንን እንደቀደመ በማየት ቆጣሪው አቅጣጫውን ያውቃል፤ እያንዳንዱን ሞገድ በ4 በመክፈልም እስከ 5 ማይክሮሜትር ይለያል። በዚህ ጊዜ ቁጥሩ የሚመነጨው ከብሎኑ ዙር ሳይሆን ከጠረጴዛው ትክክለኛ ቦታ ነው። ባዶ ዙሩ አልጠፋም፤ ነገር ግን ጠረጴዛው ካልተነቃነቀ ቁጥሩም ስለማይነቃነቅ ባለሙያውን ማታለሉ ቀርቷል።

ከዚህ የሚከተለው ጥቅም ብዙ ነው። በቶርኖ ላይ ስለቱ 1 ሚሊሜትር ሲገባ ዲያሜትሩ በ2 ሚሊሜትር ይቀንሳል፤ ማሳያው ይህን ራሱ አባዝቶ ያሳያል። በፍሬዛ ላይ ዲያሜትሩ 100 ሚሊሜትር በሆነ ክብ ዙሪያ 6 ቀዳዳዎች ቢታዘዙ፣ አንዱ ቀዳዳ ከማዕከሉ 25 ሚሊሜትር በአንድ ወገን፣ 43.301 ሚሊሜትር በሌላው ወገን እንደሚውል ሠንጠረዥ ሳይገለጥ ይታወቃል። የአገራችን ወርክሾፖች የኢንች ብሎን ያላቸውንና የሜትር ብሎን ያላቸውን ማሽኖች በአንድ ጣሪያ ሥር ማስተናገዳቸው የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት 1 ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ማሳያው በአንድ ቁልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። በዚህም በስሌት ስሕተት ይበላሽ የነበረው ብረት ይተርፋል።

ይሁን እንጂ የሚያበራ ቁጥር ሁሉ እውነተኛ ልክ ነው ብሎ መቀበል አደገኛ ነው። ጀርመናዊው ኤርንስት አቤ እ.ኤ.አ. በ1890 እንዳስገነዘበው፣ መለኪያው ከሚለካው ነገር ጋር በአንድ መስመር ካልዋለ ትንሽ መዘንበል ትልቅ ስሕተት ይወልዳል። የቶርኖ ሐዲድ ከሁሉ ይልቅ የሚበላው ብረቱ ከሚጠመድበት አፍ አጠገብ ነው፤ ሠረገላው በዚያ ቦታ በሜትር 0.1 ሚሊሜትር ያህል ቢያዘነብል፣ ከስለቱ 200 ሚሊሜትር ርቆ የታሰረ መለኪያ የ0.02 ሚሊሜትር ስሕተት ሳያይ ያልፋል። ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። የኢንዱስትሪ ልኬት ማመሳከሪያ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ 1 ሜትር የብረት ዘንግ ከዚህ በ10 ዲግሪ ቢሞቅ ከ0.11 ሚሊሜትር በላይ ይረዝማል።

አንድ ምሳሌ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ዲያሜትሩ 50 ሚሊሜትር የሆነ የኩሽኔታ መቀመጫ ኬ6 በሚባለው የመቻቻል ደረጃ ሲታዘዝ ልኩ ከ50.002 እስከ 50.018 ሚሊሜትር መሆን አለበት። የተፈቀደው ስፋት 16 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። በ5 ማይክሮሜትር የሚራመድ ማሳያ በዲያሜትር ሲቆጠር በአንድ እርምጃ 10 ማይክሮሜትር ይዘላል። ስለዚህ ማሳያው ባለሙያውን እስከ ደጃፉ ያደርሰዋል እንጂ ወደ ቤት አያስገባውም፤ የመጨረሻው ፍርድ ዛሬም የማይክሮሜትሩና የእጁ ነው።

እንግዲህ በሐዋሳም ሆነ በሌላ ሥፍራ አሮጌ ማሽን ፊት የሚቆም መሐንዲስ ሥራውን በቅደም ተከተል ቢይዝ ይበጃል። በመጀመሪያ ሐዲዱ በቀጥ ማስመሪያና በውኃ ልክ ይፈተሽ፤ የተበላ ሐዲድ በፋቂ ወይም በሞረድ ድንጋይ ካልተስተካከለ ማሳያ መግጠም ዕውር ፈረስ ላይ ወርቀ ዘቦ ኮርቻ መጫን ነው። ቀጥሎ መለኪያው ከማሽኑ ጉዞ ጋር ትይዩ ሆኖ ይታሰር፤ ከብረት ፍርፋሪና ከማቀዝቀዣ ፈሳሽም ይከለል። ኃይል ተቋርጦ ሳለ ጠረጴዛው ቢነቃነቅ ቆጣሪው ቦታውን ስለሚስት በመስተዋቱ ላይ የተሠመረው መነሻ ምልክት በየጊዜው ይመዝገብ። በመጨረሻም የተገጠመው መሣሪያ በዮሐንሰን ጡቦች ይፈተሽ፤ የተገኘው ልዩነትም በማሽኑ አጠገብ ተጽፎ ይለጠፍ። አሮጌው ባለሙያ በልቡ ይዞት የኖረው የማሽኑ ጠባይ በዚህ ወረቀት ላይ ለተተኪው ይተላለፋል።

ከሞድስሌይ ብሎን እስከ መስተዋቱ መለኪያ ያለው ታሪክ ሙያውን ከሰው እጅ የመንጠቅ ታሪክ ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። በእጅ በሚዘወረው ማሽን ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው፤ እጁ መዘውሩን እንደያዘ ቀርቷል፣ ዙር መቁጠርና ባዶ ዙር መገመት ግን ከትከሻው ወርዷል። የተረፈለትን ሐሳብ ለስለቱ ስለት፣ ለብረቱ ጠባይና ለመጨረሻው ልክ ያውለዋል። ከመዝገብ ሊሰረዝ የታጨ ቶርኖ ሐዲዱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በብሎኑ ማርጀት ብቻ ከተፈረደበት፣ ፍርዱ ዳግመኛ መታየት አለበት።