የእንግሊዝኛ የሥርዓት ደብዳቤ ዓይነቶችና የዐፄ ቴዎድሮስ መልእክት

ደብዳቤ ቃልን ብቻ የሚያደርስ ወረቀት አይደለም፤ የላኪውንና የተቀባዩን ደረጃ፣ በመካከላቸውም ያለውን ግንኙነት የሚያስታውቅ ሥርዓት ጭምር ነው። ሥርዓቱም እንደየአገሩ ልማድ ይለያያል። ስለዚህ በአንድ አገር ልማድ የተጻፈ ደብዳቤ ወደ ሌላ አገር ጽሕፈት ቤት ሲደርስ፣ ቃሉ በትክክል ቢተረጐምም እንኳ፣ ዓይነቱ ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶርያ የላኩት ደብዳቤ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ሲነገር ዘወትር የሚነሣው በጊዜው መልስ ማጣቱ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚመረመረው ግን በእንግሊዝ መንግሥት የአጻጻፍ ሥርዓት ውስጥ እንዴት መልስ ሊያጣ እንደ ቻለ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተሰጡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

1. የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሥርዓት አመጣጥ

በመካከለኛው ዘመን የምዕራብ አውሮፓ ሊቃውንት የደብዳቤን አጻጻፍ ራሱን እንደቻለ ትምህርት በላቲን ያስተምሩ ነበር። ደብዳቤም አምስት ክፍል አለው ይሉ ነበር፤ ይኸውም ሰላምታ፣ የተቀባዩን ልብ ማለዘቢያ፣ የነገሩ ትረካ፣ ልመና፣ መደምደሚያ ነው። በእንግሊዝ አገር የቤተ መንግሥት ደብዳቤ በላቲንና በፈረንሳይኛ ሲጻፍ ከኖረ በኋላ፣ ንጉሥ ሄንሪ 5ኛ ከ1417 ጀምረው በራሳቸው ማኅተም የሚወጡትን ደብዳቤዎች በእንግሊዝኛ ያስጽፉ ጀመር። ቋንቋው ቢለወጥም የክፍሎቹ አሰላለፍ ብዙ አልተለወጠም።

ከዚያ በኋላ የደብዳቤ ማስተማሪያ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ታተሙ። ዊልያም ፉልውድ በ1568፣ ኤንጅል ዴይ በ1586 ያወጧቸው ከነዚህ የሚቈጠሩ ናቸው። በ1741 ደግሞ ሳሙኤል ሪቻርድሰን መጻፍ ለሚቸግራቸው ሰዎች የናሙና ደብዳቤዎችን ሰብስቦ አሳተመ። አባት ለልጁ፣ ኪራይ የዘገየበት ጭሰኛ ለባለ ርስቱ፣ ጌታ ስለ አሽከሩ ጠባይ ለሌላ ጌታ እንዴት እንደሚጽፍ በየራሱ ምሳሌ ተገልጦበታል። በዚህም ለእያንዳንዱ ጉዳይ የተለየ መልክ እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳው አስተሳሰብ በሕዝቡም ዘንድ ጸና።

2. የመንግሥት ደብዳቤ ዓይነቶች በ19ኛው ክፍለ ዘመን

በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በለንደን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከሚታወቁት ዓይነቶች አምስቱን ማንሣት ይበቃል።

መጀመሪያው ንጉሥ ለንጉሥ የሚጽፈው ነው። ንግሥቲቱ እኩያቸው አድርገው ለሚቀበሉት የአውሮፓ ንጉሥ «ጌታዬ ወንድሜ» ብለው ጀምረው፣ «መልካም እኅትዎ» ብለው በእጃቸው ይፈርሙ ነበር። ሁለተኛው በመንግሥትና በውጭ አገር መልእክተኛ መካከል የሚመላለሰው ማስታወሻ ነው፤ ጸሓፊው ስለ ራሱ «እኔ» አይልም፣ «እገሌ ሰላምታውን እያቀረበ ያስታውቃል» ይላል እንጂ። ሦስተኛው ቆንሲል ለሚኒስትሩ፣ ሚኒስትሩም ለቆንሲሉ የሚጽፉት የአገልግሎት ደብዳቤ ነው፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ አንዱም ወረቀት ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ እንዲናገር ይፈለጋል። አራተኛው የሚኒስትሩ ረዳት የሚጽፈው ነው፤ «እንድጽፍልዎ ታዝዣለሁ» በማለት ቃሉ የራሱ አለመሆኑን ያስረዳል። አምስተኛው የበታች ለበላይ የሚያቀርበው አቤቱታ ነው፤ ጉዳዩን በትሕትና ከገለጠ በኋላ አመልካቹ ዘወትር እንደሚጸልይ በመናገር ይደመድማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። በነዚህ ደብዳቤዎች መጨረሻ «ታዛዥ አገልጋይዎ» የሚል ቃል ተደጋግሞ ይገኛል። ባለ ሥልጣኑ ለተራ ነጋዴ ሲጽፍ እንኳ ይህን ቃል ይጠቀምበት ነበር። ስለዚህ ቃሉ እውነተኛ መገዛትን አያመለክትም። ደረጃን የሚለየው የትሕትናው ቃል ሳይሆን የደብዳቤው ዓይነት ነው፤ ማለት ማን በማን ስም እንደ ጻፈ፣ ተቀባዩም በምን ማዕርግ እንደ ተጠራ ነው። መልሱን የሚጽፈው ሰውም በዚሁ ይወሰናል።

3. የኢትዮጵያ ልማድና የ1862ቱ ደብዳቤ

በኢትዮጵያ የነገሥታት ደብዳቤ ልማድ ፊርማ አልነበረም፤ የላኪውን ማንነት የሚያጸናው ማኅተሙ ነው። ማኅተሙም የሚመታው ከጽሑፉ በላይ ነው። ቀጥሎ የሥላሴ ስም ይጠራል፤ የላኪው ስምና ማዕርግ ይቀድማል፤ የተቀባዩ ይከተላል። በእንግሊዝኛው ደብዳቤ ላኪው በግርጌ ሲገለጥ፣ በአማርኛው በራስጌ ይገለጣል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 መጨረሻ ገደማ ቆንሲል ቻርልስ ዳንካን ካሜሮን የንግሥቲቱን ስጦታ ሽጉጦች ይዞላቸው በመጣ ጊዜ ደብዳቤያቸውን ያስጻፉት በዚህ ልማድ ነው። ከሥላሴ ስም በኋላ፣ አባቶቻቸው ፈጣሪን በመበደላቸው መንግሥቱ ከእጃቸው ወጥቶ እንደ ነበረ፣ እርሳቸውን ግን እግዚአብሔር ከትቢያ አንሥቶ እንዳነገሣቸው ተረኩ። በ1860 የሞቱት ቆንሲል ፕላውደንና ጆን ቤል ክርስቲያንን ሁሉ የምትወድ ታላቅ ንግሥት እንዳለች ነግረዋቸው እንደ ነበር አነሡ። በመጨረሻም መልእክተኞችና ስጦታ ለመላክ ቢፈልጉ ቱርክ በባሕሩ ላይ መንገድ እንደ ዘጋባቸው ገልጠው፣ መልእክተኞቻቸው በሰላም የሚያልፉበትን መንገድ ጠየቁ።

ይህ አሰላለፍ ከጥንቱ የአውሮፓ ሥርዓት ጋር ሲተያይ የሚያስደንቅ ነው። ሰላምታው፣ ልብ ማለዘቢያው፣ ትረካው፣ ልመናው በየቦታው ይገኛል። ስለዚህ ደብዳቤው በአጻጻፉ ጉድለት ነበረበት ለማለት አይቻልም። ዓይነቱም ግልጽ ነው፤ ንጉሥ ለንጉሥ የጻፈው ነው። ነገር ግን በየካቲት 1863 ለንደን የደረሰው ከቆንሲሉ የአገልግሎት ወረቀት ጋር ሆኖ ነው። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም የተመለከተው እንደ ሩቅ አገር ቆንሲል ጉዳይ ነበር ለማለት ያስደፍራል። ሚኒስትሩ ሎርድ ራስል በሚያዝያ 1863 ለካሜሮን ጽፎ ወደ ምጽዋ ተመልሶ እንዲቀመጥ አዘዘው። ለንጉሠ ነገሥቱ ግን የተጻፈ አልነበረም።

በእርግጥ ነገሩ የሥርዓት ብቻ አልነበረም። በክሪምያ ጦርነት ከቱርክ ጋር የተሰለፈው የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ኢትዮጵያ ሲል ከቱርክና ከግብፅ ጋር መጣላት አልፈለገም። ካሜሮንም ደብዳቤውን ራሱ ከማድረስ ይልቅ ቱርኮችና ግብፆች ወደሚገዙት ወደ ሱዳን ጠረፍ መሄዱ ንጉሠ ነገሥቱን አስቈጣ። ይሁን እንጂ እምቢታው በግልጽ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ እርሱም መልስ በሆነ ነበር። የቆንሲሉ ትእዛዝ ግን ከመመለስ መሸሸጊያ ሆነ።

4. የመልሱ መልክ

በኅዳር 1863 ከለንደን ወረቀት ይዞ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ሰፈር የደረሰው ሰው ለቆንሲሉ እንጂ ለንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤ አልያዘም ነበር። በንጉሥ ዓይን ሲታይ ይህ መዘግየት ሳይሆን ንቀት ነበር፤ ለአገልጋዩ ተጽፎ ለጌታው አልተጻፈምና። በጥር 1864 ካሜሮንና ባልንጀሮቹ ታሰሩ።

መልሱ የተጻፈው እስራቱ ከተሰማ በኋላ ግንቦት 26 ቀን 1864 ነው። የኤደን ሹም ረዳት የነበረው ሆርሙዝድ ራሳም ይዞት መጥቶ ለንጉሠ ነገሥቱ ያስረከበው በጥር 1866 ነው። ስለዚህ ከደብዳቤው እስከ መልሱ ከ3 ዓመት በላይ አለፈ። መልሱም ንግሥቲቱ በሙሉ ማዕርጋቸው ሰላምታ የሚልኩበት ነበር፤ ተቀባዩ ግን የተጠሩት «የአቢሲንያ ንጉሥ ቴዎድሮስ» ተብለው ነው። «ንጉሠ ነገሥት» የሚለው ማዕርግም «ኢትዮጵያ» የሚለውም ስም አልተጠቀሰም።

የነገሩ ፍጻሜ የታወቀ ነው። በሚያዝያ 1866 ራሳምም እንዳይሄድ ተያዘ፤ በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 11 ቀን ናፒየር ለንግሥቲቱ እንዲገዙ የሚጠይቅ ደብዳቤ ላከ። ዐፄ ቴዎድሮስም ሲመልሱ የንጉሠ ነገሥትነት ማዕርጋቸውን ትተው ካሣ በሚለው ስማቸው በክርስቶስ የሚታመን ሰው ሆነው ጻፉ። በ1862 ማዕርጉን በራስጌው የተሸከመው ደብዳቤ በ1868 ካሣ በሚለው ስም ብቻ ተፈጸመ። ሚያዝያ 13 ቀን በሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

5. ከመቅደላ በኋላ

ጥያቄው ከ20 ዓመት በኋላ እንደገና ተነሣ። ዐፄ ምኒልክ በ1889 መጨረሻ መንገሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት አስታወቁ። ንግሥት ቪክቶርያ በ1890 ሲመልሱ፣ በውጫሌ ውል መሠረት የኢትዮጵያ ጉዳይ በኢጣልያ በኩል ስለሚያልፍ የደብዳቤያቸውን ግልባጭ ለኢጣልያ መንግሥት እንደሚያስታውቁ ገለጡ። ዐፄ ቴዎድሮስ መልስ በማጣት የተነፈጉትን ዐፄ ምኒልክ መልስ በማግኘት ተነፈጉት፤ ይኸውም ንጉሥ ለንጉሥ በቀጥታ የመጻፍ መብት ነው። የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛና የኢጣልያንኛ ቃል ልዩነትም ጐልቶ የወጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ዐፄ ምኒልክ ከዚህ ተምረው በሚያዝያ 1891 የአገራቸውን ወሰን የሚያመለክት አንድ ደብዳቤ ለእንግሊዝ፣ ለፈረንሳይ፣ ለጀርመን፣ ለኢጣልያና ለሩስያ ላኩ። አንዱ ቃል ለብዙ ነገሥታት በቀጥታ ሲደርስ፣ በአንድ ጽሕፈት ቤት ዝምታ ሊቀበር አይችልም።

ዛሬ የዐፄ ቴዎድሮስ የአማርኛ ደብዳቤዎች በ1979 በለንደን፣ የዘመኑም ሌሎች ደብዳቤዎች ስቬን ሩቤንሰን ባዘጋጃቸው ጥራዞች ስለ ታተሙ ለተመራማሪ ቅርብ ናቸው። እነርሱን የሚያነብ ተማሪ ከቃሉ ትርጕም አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ደብዳቤው ከየትኛው ዓይነት እንደ ሆነ፣ በማን ስም እንደ ተጻፈ፣ ሊመልስ የሚገባውም ማን እንደ ነበረ ነው። የ1862ቱ ደብዳቤ ተርጓሚ አላጣም፤ ያጣው ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ጸሓፊ ነበር።