የአካል ጉዳት መጠን፦ የሐኪሞች ቦርድ ታሪክ ከጅጅጋ አንጻር

የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት ጅጅጋን ከሶማሊያ ጦር ሲያስለቅቅ፣ በካራማራና በአካባቢው ከቁስለኛው ሌላ የተቀበረ ፈንጂም ቀርቷል። በጦርነቱ እግሩን ያጣው ወታደርና ከጦርነቱ በኋላ ከብቶቹን ሲጠብቅ ፈንጂ የረገጠው አርብቶ አደር ጉዳታቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ በሕግ ፊት የነበራቸው ቦታ ግን የተለያየ ነበር።

ወታደሩ የመንግሥት አገልጋዮች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 209/1955 ነበረለት። ለደመወዝተኛውም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 42/1985፣ ቀጥሎም በ377/1996 እና በ1156/2011፣ በሥራ ምክንያት የደረሰበት የአካል ጉዳት መጠን በሐኪሞች ቦርድ እንዲወሰን ተደነገገ። የጡረታ ሽፋን የሌለው ሠራተኛ ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ከደረሰበት የዓመት ደመወዙ በ5 ተባዝቶ ይከፈለዋል፤ ጉዳቱ ከፊል ከሆነ ክፍያው እንደ ጉዳቱ መጠን ይሰላል። ስለዚህ በቦርዱ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው መቶኛ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው።

በመንግሥት ሕግ የተደነገገው የሥራ አደጋ መድን እ.ኤ.አ. በ1884 በጀርመን የተጀመረ ሲሆን፣ ጉዳትን በመቶኛ የመለካት ልማድም ከዚህ ዓይነቱ መድን ጋር ተስፋፍቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያጸደቀው ምደባ ደግሞ ከአካል ጉድለቱ በተጨማሪ ሰውየው የሚሠራውን ሥራና የሚኖርበትን አካባቢ አብሮ ያያል። ከጉልበት በታች እግሩን ያጣ ጸሐፊና ተመሳሳይ ጉዳት የደረሰበት የቶጎ ውጫሌ ጫኝና አውራጅ የጉዳት ሠንጠረዡ እኩል ቢያያቸውም፣ የሥራ ችሎታቸው እኩል አልቀነሰም።

ይህን ልዩነት ማየት ሥልጠና ይጠይቃል። ገምጋሚ ሐኪም የመገጣጠሚያን እንቅስቃሴ፣ የእጅን ጉልበትና የዓይንን እይታ በልክ ይመዘግባል፤ ቁስሉ ሳይረጋ የመጨረሻ መቶኛ አይሰጥም፤ ጉዳቱ ከሥራው ጋር ያለውን ግንኙነት ይመረምራል። ሶማልኛ ተናጋሪን ታካሚ በአስተርጓሚ ሲጠይቅም የተጠየቀውና የተመለሰው ሳይዛባ መተላለፉን ያረጋግጣል። በጤና ጣቢያ በመጀመሪያው ቀን የተጻፈው የታካሚ ካርድም ከወራት በኋላ ለቦርዱ ዋና ማስረጃ ሊሆን ስለሚችል፣ ሥልጠናው ለነርሱና ለጤና መኮንኑም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመው የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ የጤና ባለሙያዎችን በአካባቢው እያስተማረ በመሆኑ፣ ይህን ትምህርት በሥፍራው ለመስጠት መሠረት አለ።

አርብቶ አደሩ ግን አሠሪም ደመወዝም ስለሌለው በእነዚህ አዋጆች ካሳ የሚጠይቅበት መንገድ የለውም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በማኅበራዊ ጥበቃ የመጠቀምን መብት ለአካል ጉዳተኛ ሁሉ እንጂ ለደመወዝተኛ ብቻ አልሰጠም። ይህ መብት ለአርብቶ አደሩ በተግባር የሚደርስበት ቀን ሲመጣ፣ ጉዳቱን በትክክል የሚያስረዳለት በጥንቃቄ የተያዘ የሕክምና መዝገብ ነው።