ቄሮ ስንል ቀሬዋ የት ገባች?

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን ማለፉ አይቀርም። በነዚህ ከተሞች የተሠራውን ታሪክ ስናወራ ግን የምንጠራው ስም ሁሉ የወንድ ነው። ለመሆኑ ሴቶቹ የት ነበሩ?

ከጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) እንጀምር። የጅባትና ሜጫ አርበኞች ሲነሡ ጃገማ ኬሎን የማይጠራ የለም፤ ይገባቸዋልም። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌን ግን ስንቶቻችን እናውቃቸዋለን? እኚህ ሴት አርበኞችን ሲረዱ ተይዘው ተሰቃዩ፤ ባሕር ተሻግረው ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ሲመለሱም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ በአዲስ ዓለሙ የጣሊያን ምሽግ ላይ የተጣለውን አደጋ ከጠነሰሱት አንዷ ነበሩ። «ስንቅ አቀባይ» የምትለው ቃል እንዲህ ላለው ሰው ትጠባለች።

ይኼ የኛ ብቻ ነገር አይደለም። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ላክሽሚባይ ኬልካር የተባለች ሕንዳዊት የሂንዱ ብሔርተኞች ድርጅት ሴቶችንም እንዲያቅፍ መሥራቹን ሄድጌዋርን ጠየቀች። መልሱ ሴቶች ለብቻቸው ይደራጁ የሚል ሆነ። እሷም በዋርዳ ከተማ ራሽትራ ሴቪካ ሳሚቲ የተባለውን የሴቶች ማኅበር መሠረተች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሴትዮዋን ማንም አልጎተታትም፤ በገዛ ፈቃዷ ገባች። የተከፈተላት በር ግን የጓሮ በር ነው። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ1992 በአዮዲያ የባብሪ መስጊድ ከመፍረሱ በፊት ሕዝቡን በንግግር ካነሳሱት መካከል ሳድቪ ሪታምባራ የተባለች ሴት ነበረች። ሴት ገባችበት ማለት ትግሉ ጸዳ ማለት አይደለም። ጥያቄው ሁለት ነው፦ ማን ወሰነ? ለምንስ ዓላማ?

ወደ ቤታችን እንመለስ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ የተነሣው የተማሪዎች ተቃውሞ ኦሮሚያን አዳርሶ፣ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን አሰርዞ፣ በ2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩን ከሥልጣን እስከ መልቀቅ አደረሰ። ስሙ «የቄሮ ትግል» ተባለ። ቄሮ ያላገባ ወጣት ወንድ ነው፤ ልጃገረዷ ቀሬ ናት። ቀሬዋም አደባባይ ወጥታለች፤ ስሟ ግን ከመፈክሩ በታች ቀረ። ልጁን የቀበረች እናትማ የሐዘንተኛ እንጂ የታጋይ ስም አልተሰጣትም።

አባቶቻችን ለዚህ ነገር እንግዳ አልነበሩም። በገዳ ሥርዓት ሥልጣኑ የወንዶች ቢሆንም፣ ሴቲቱ በሠርጓ ቀን የምትቀበለው ሲንቄ ነበራት። መብቷ ሲነካ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ጥፋተኛው እስኪክስ አይመለሱም። ይህች ቀጭን ዘንግ ጌጥ አይደለችም፤ ሥልጣን ናት። ዛሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናያት በበዓል ቀን ነው።

በበኩሌ የምለው ይህን ነው። ሴቲቱን «የትግሉ እናት» ብሎ ማወደስ ቀላል ነው። ውዳሴ ግን ሲወሰን የተቀመጠችበትን ወንበር አይነግረንም። እንግዲህ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ ወረቀትና እርሳስ ይዘን እናቶቻችንንና አያቶቻችንን እንጠይቅ። «ምን አቀበላችሁ?» ብለን ብቻ አይደለም፤ «ምን ወሰናችሁ?» ብለን። ሳንጠይቃቸው ካለፉ፣ ታሪካችን በአንድ እግሩ ሲያነክስ ይኖራል።