ስላልተጠየቁት ምስክሮች

በቀድሞው ሥርዓት በሸንጎ ፊት አንድ ምስክር ብቻ የቆመለት ነገር አይጸናም ነበር። ዳኛው ሌላውን ምስክር ሳይሰማ ቢፈርድ ፍርዱ እንደ ጎደለ ይቆጠራል፤ የተፈረደበትም ይግባኝ ይላል። በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ግን ይህ ሥርዓት ብዙ ጊዜ አልተጠበቀም። ጦርነት ባለፈ ጊዜ የተዋጋው ወንድ ይመሰክራል፤ ጸሐፊውም ቃሉን ይጽፋል። ስንቅ ያዘጋጀችው፣ ቁስለኛ ያነሣችው፣ የተማረከችው፣ አንዳንድ ጊዜም ጠመንጃ ይዛ የተሰለፈችው ሴት ሳትጠየቅ ትቀራለች። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ «ሴቶቹ ምንም አልተናገሩም» ይባላል። ዳሩ ግን አለመናገርና አለመጠየቅ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው።

ይህ ጉዳይ በአሁኑ ዘመን በውጭ አገር ደራሲዎች ዘንድ ብዙ መጻሕፍት አስጽፏል፤ መነሻውም የጥንት ጽርዓውያን ተረት ነው። በሆሜር ስም የሚጠራው «ኢሊያድ» የተባለው የትሮያ ጦርነት ግጥም የሚጀምረው በሁለት አለቆች ጠብ ነው። አጋሜምኖን ብሪሴይስ የምትባለውን ምርኮኛ ከአኪሌስ ስለ ወሰደበት አኪሌስ ተቆጥቶ ከጦሩ ተለየ። ይህች ሴት ባሏን የገደለባት አኪሌስ ነው፤ ሦስት ወንድሞቿም በዚያው ቀን ሞተዋል። የጠቡ ምክንያት እርሷ ስትሆን በዚያ ረጅም ግጥም ውስጥ የምትናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱንም በሌላ ሰው ሬሳ ላይ ስታለቅስ ነው። «ኦዲሴ» በተባለው በሁለተኛው ግጥምም ፔኔሎፔ በአዳራሹ ወጥታ በተናገረች ጊዜ የገዛ ልጇ ወደ ክፍሏና ወደ ሽመናዋ እንድትመለስ ያዝዛታል። በመጨረሻም አሥራ ሁለት ገረዶቿ በገመድ ይሰቀላሉ፤ ቃላቸውን የሰማ ግን የለም።

በጥንቱም ዘመን ቢሆን ይህን ያስተዋሉ ነበሩ። ዩሪፒደስ የተባለው የአቴና ባለቅኔ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ415 ዓመት የትሮያን ሴቶች በቴአትር አቁሞ ጥፋታቸውን በራሳቸው አንደበት እንዲናገሩ አደረገ። ሮማዊው ኦቪድም ብሪሴይስና ፔኔሎፔ የጻፉትን አስመስሎ በግጥም ደብዳቤዎች ጻፈ። በዘመናችንም በፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 ካናዳዊቷ ማርጋሬት አትውድ ስለ ፔኔሎፔና ስለ ተሰቀሉት ገረዶች፣ በ2018 እንግሊዛዊቷ ፓት ባርከር ስለ ብሪሴይስ ልብ ወለድ ታሪክ አሳትመዋል። የእነዚህ መጻሕፍት ሥራ አዲስ ጦርነት መፍጠር አይደለም፤ የታወቀውን ጦርነት ከድንኳኑ ውስጥ፣ ከማጀቱና ከምርኮኞቹ ሰፈር ሆነው እንደ ገና ማየት ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በጽርዓውያን ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌውስ ልጅ አንድሮሜዳ ትባላለች። እናቷ በውበት ስለ ታበየች ልጂቱ በባሕር ዳር ከዐለት ጋር ታስራ ለአውሬ ተሰጠች፤ ፔርሴዎስ የተባለ ጀግና መጥቶ አዳናት፤ ሚስቱም አደረጋት። እርግጥ ጽርዓውያን ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር በጠቅላላው ስለ ነበረ ስሙ ከዛሬው ወሰን ጋር አይገጥምም። የሆነ ሆኖ የኢትዮጵያ ሴት በባዕድ ተረት ውስጥ የገባችው ታስራ አዳኝ ስትጠብቅ ነው። ከብዙ ዘመንም በኋላ በፈረንጆች 1871 በካይሮ «አይዳ» የተባለው የቬርዲ ኦፔራ ታየ። በዚያም የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ በግብጽ ምርኮኛ ሆና በጣሊያንኛ እየዘፈነች ከወደደችው የግብጽ ጦር አለቃ ጋር በመቃብር ተዘግታ ትሞታለች። ኦፔራውን ያሠሩት ከዲቭ እስማኤል ጦራቸውን ወደ ኢትዮጵያ ልከው በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ድል ተነሥተዋል። በመድረክ የታየችው ኢትዮጵያና በጦር ሜዳ የተገኘችው ኢትዮጵያ ምን ያህል የተራራቁ እንደ ነበሩ ከዚህ ይታያል።

የአገር ቤቱ ድርሰት ግን ሌላ ሥርዓት ያውቅ ነበር። ቅዱስ መጽሐፍ የሳባን ንግሥት በስሟ አይጠራትም፤ ለሰሎሞን ያቀረበችውንም ጥያቄ አይዘረዝርም። «ክብረ ነገሥት» ግን ማክዳ ብሎ ስም ሰጣት፤ ለጥበብ ያላትን ፍቅርም በራሷ አንደበት አስነገራት። በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ስለ ሃይማኖታቸው የተሰደዱት የእናታችን የወለተ ጴጥሮስ ገድል ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ገድሉን መነኵሴው ገላውዴዎስ የጻፈው እርሳቸው ካረፉ 30 ዓመት ያህል በኋላ ነው፤ የጻፈውም የሚያውቋቸውን ሰዎች ቃል ሰብስቦ ነው። ጠያቂ ስለ ተገኘ ምስክርነቱ አልጠፋም።

አሁን ወደ አራዳ መመለስ ይገባል። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት በ1923 ዓ.ም. የቆመው የዐፄ ምኒልክ ሐውልት በፈረስ ላይ ሆኖ ይታያል፤ ጣሊያን ነቅሎት ነበር፤ ከድል በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ ዝቅ ብሎ በ1928 ዓ.ም. በጠላት ጥይት የተገደሉት የሰማዕቱ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አለ። ሁለቱም ክብራቸው የተገባ ነው። የእቴጌ ጣይቱ መታሰቢያ ሆኖ በሰፈሩ የኖረው ግን በስማቸው የሚጠራው ሆቴል ነው። የአድዋን ጦርነት ያነበበ ሁሉ እቴጌይቱ የጦር አለቃ ሆነው መዝመታቸውን፣ በመቀሌም ጠላት የሚጠጣው ውኃ እንዲያዝበት ማድረጋቸውን ያውቃል። ከዚህም በላይ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውኃ አጠገብ ቤት ያሠሩትና አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡት እርሳቸው ናቸው። እንግዲህ የከተማይቱ ስም ራሱ ከሴት አፍ የወጣ ነው።

እቴጌይቱ ንግሥት በመሆናቸው ስማቸው ተጽፎ ቀረ። ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በአርበኝነት የቆሙት ሴቶች ግን ከጥቂቶቹ በቀር ስማቸው አይታወቅም። ከታወቁት ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ በከተማ ተቀምጠው ለአርበኞች ጥይትና ወሬ ሲልኩ ተይዘው ተሠቃይተዋል፤ ወደ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴትም ተግዘዋል፤ ከተመለሱም በኋላ እንደ ገና ተዋግተዋል። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በፍቼ ከተገደሉ በኋላ ጦሩን እየመሩ በዱር በገደል ጠላትን ተዋግተዋል። የእነዚህን ስም ያቆየው ዝምድናቸውና ሀብታቸው ጭምር ነው። ገረዲቱን፣ ወጥ ቤቷንና ውኃ ቀጂዋን ግን ማን ጠየቀ?

በአዲስ አበባ ተወልደው በሕፃንነታቸው ከአገር የወጡት ደራሲ መዓዛ መንግሥቴ በፈረንጆች 2019 «ጥላው ንጉሥ» የሚል ትርጕም ያለውን ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ሲያሳትሙ የጠየቁት ይህንኑ ነው። መጽሐፉ በ2020 ለቡከር ሽልማት ከታጩት ከመጨረሻዎቹ ስድስት አንዱ ሆኗል። የታሪኩ ባለቤት ሂሩት የተባለች ወላጅ የሌላት ገረድ ናት። ከአባቷ የቀረላትን ጠመንጃ ጌታዋ ኪዳኔ ይወስድባታል፤ ገላዋንም ይደፍራል። የእርሱ ሚስት አስቴር ሴቶቹን ለጦር ታነሣሣለች፤ ሂሩትም ወታደር ሆና ትዘምታለች፤ በኋላ ተማርካ የጣሊያን ፎቶግራፍ አንሺ ሥዕሏን ያነሣታል። ደራሲዋ በጽርዓውያን ቴአትር ልማድ የመዘምራን ድምፅ በመካከል ያስገባሉ፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም «አይዳ»ን ሲያዳምጡ ያሳያሉ። በዚህም የባዕዱ ኦፔራ የፈጠራት ኢትዮጵያዊት ሴትና የአገሯ ሴት በአንድ መጽሐፍ ይገናኛሉ። ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። በዚህ ሁሉ ጦርነት አብራ የምትደክመው ወጥ ቤት በመጽሐፉ «ወጥ ቤቷ» ብቻ ትባላለች። ያለ ስም የቀሩት ብዙዎቹ መሆናቸው እንዳይረሳ ይህች አንዷ ያለ ስም ቆማለች።

አንዳንድ ሊቃውንት በዚህ ላይ ክርክር ያነሣሉ። ልብ ወለድ ታሪክ አይደለም፤ ያልተነገረውን እንደ ተነገረ አድርጎ መጻፍ የሞተን ሰው በሐሰት ማስመስከር ነው ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ብሪሴይስ የተረት ሰው ስለሆነች ደራሲ ቃል ቢሰጣት ከማንም አልቀማም። የኢትዮጵያ አርበኛ ሴት ግን በእውነት የኖረች፣ የቆሰለች፣ ልጅ የወለደች ናት፤ ልጆቿም ዛሬ አሉ። ስለ እርሷ የሚጻፈው የደራሲ አሳብ ብቻ ቢሆን ሁለተኛ ዝምታ ይሆንባታል፤ በፊት ሳትጠየቅ ቀረች፤ አሁን ደግሞ ሌላ ሰው በስሟ ተናገረ።

ለዚህ ክርክር መልሱ በራሷ በደራሲዋ ቤት ተገኝቷል። መዓዛ መንግሥቴ መጽሐፉን ለብዙ ጊዜ ሲጽፉ ከቆዩ በኋላ የገዛ ቅድመ አያታቸው የዘመተች መሆኗን ከእናታቸው ሰሙ። ክተት በታወጀ ጊዜ አባቷ ጠመንጃውን ለባሏ ሊሰጥ ቢያስብ እርሷ የበኵር ልጅ ነኝ ብላ አባቷን ከሰሰች፤ ተፈርዶላትም ጠመንጃዋን ይዛ ዘመተች። ደራሲዋ በአሳባቸው ይፈጥሩት የነበረው ነገር በቤታቸው የተፈጸመ እውነት ሆኖ ተገኘ። ቅድመ አያቲቱ በዳኛ ፊት ቆማ የተናገረች ሴት ናት፤ ዝምተኛ አልነበረችም። የጎደለው የእርሷ ቃል ሳይሆን የልጅ ልጆቿ ጥያቄ ነበር። ስለዚህ ልብ ወለድ የምስክርን ቦታ ሊይዝ አይችልም፤ ነገር ግን ምስክር እንዳለ አስታውሶ ሰውን ወደ ጥያቄ ሊያነሣሣ ይችላል። ይህን ካደረገ ሥራውን ፈጽሟል።

አሁን የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው። ገላውዴዎስ የጠየቀው ከ30 ዓመት በኋላ ነበር፤ ከጣሊያን መውጣት ወዲህ ግን ከ80 ዓመት በላይ አልፏል። በዚያን ጊዜ የዘመቱት አርፈዋል፤ ከእናታቸውና ከአያታቸው አፍ የሰሙት ልጆች ደግሞ አርጅተዋል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ ብዙ የቆዩ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ልዩ ልዩ ሰፈር ተበትነዋል፤ በአንድ ግቢ ቡና ሲጠጡ አንዲቱ የጀመረችውን ሌላይቱ ትጨርሰው የነበረው ወሬም ከእነርሱ ጋር ተበትኗል። የንስሐ አባት የልጆቹን ቤት ያውቃል፤ የተማረ የከተማ ሰውም ወረቀትና ድምፅ መቅረጫ አያጣም። አሮጊቷን በትሕትና ጠይቆ ስሟን፣ አገሯን፣ የሰማችውንና ያየችውን እንደ ቃሏ መጻፍ ለሁለቱም የሚቻል ነው።

የጌታን ትንሣኤ አስቀድመው ያወሩት ሴቶች መሆናቸውን፣ ሐዋርያትም በመጀመሪያ ቃላቸውን እንዳላመኑ ወንጌል አይሰውርም። የሴቶቹ ምስክርነት ግን ተጽፎ ስለ ቀረ እነሆ እስከ ዛሬ በየዓመቱ በፋሲካ ይነበባል።