ለማን ስንት ዓመት?

ኮልፋክስ ጎዳና ከዴንቨር መሀል ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ሲዘረጋ፣ የፓርክ ሂልን ደቡባዊ ጠርዝ ታክኮ አውሮራ ይገባል። በዚህ መንገድ የሐበሻ ምግብ ቤት የሚፈልግ ሰው አያጣም። በአሜሪካ የሕግ ታሪክ ውስጥ ግን የፓርክ ሂል ስም የሚነሳው በትምህርት ቤቶቹ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጥቁር ቤተሰቦች ኮሎራዶ ቡሌቫርድን ተሻግረው ወደ ሰፈሩ ሲገቡ፣ የዴንቨር ትምህርት ቦርድ አዲስ ትምህርት ቤት የሚሠራበትን ቦታና የመመዝገቢያ ወሰኑን እየመረጠ ልጆቹን በዘር ለያይቶ አቆያቸው። ወላጆች በ1969 ከሰሱ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1973 ተወሰነ። በኮሎራዶ ጥቁርና ነጭ ተማሪ ይለያይ የሚል ሕግ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ግን የተጻፈ ሕግ አለመኖሩ ቦርዱን ነጻ እንደማያወጣው፣ የውሳኔዎቹ ክምችት ሆን ተብሎ የተደረገውን ሊያሳይ እንደሚችል አስረዳ።

ከፓርክ ሂል የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ርቆ፣ ቦልደር በሚገኘው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ፣ ይኸው ጥያቄ ከዓመታት በኋላ በሌላ መልክ ተነሳ። በዚህኛው ጉዳይ የሚታደለው የትምህርት ቤት ወንበር ሳይሆን ጊዜ ነው።

የአሜሪካ ፉትቦል እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ በብዙ ይለያል፤ የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ሥራም እንዲሁ። ዋና አሰልጣኙ ቡድኑን የሚሠራው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሚመለምላቸው ወጣቶች ነው። ዛሬ ያመጣው የ18 ዓመት ልጅ አካሉ ጠንክሮ፣ ጨዋታውን ተምሮ እስኪበስል ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ አዲስ አሰልጣኝ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአብዛኛው የሚያሰልፈው ከእርሱ በፊት የነበረው ሰው የመለመላቸውን ተጫዋቾች ነው። የራሱን ሥራ ፍሬ ለማየት መቆየት አለበት።

ቢል ማካርትኒ ቆይቷል። በሚሺጋን የሁለተኛ ደረጃ አሰልጣኝነት ጀምሮ፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በረዳትነት ሠርቶ፣ በ1982 ኮሎራዶን ተረከበ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 7 ጨዋታ አሸንፎ 25 ተሸነፈ፤ በአንዱ አቻ ወጣ። በ1984 ብቻ ከ11 ጨዋታ ያሸነፈው አንዱን ነው። ዩኒቨርሲቲው ግን አላሰናበተውም፤ ጭራሽ ውሉን አራዘመለት። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ ካሸነፈው 7፣ ከተሸነፈው 5 ሆነ። በ1990 የውድድር ዘመን የአገሪቱ ሻምፒዮን ተባለ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው፤ ዳሩ ግን እንቁላሉን ታግሶ የሚጠብቅ ሰው ነበረ።

በ1984ቱ ቡድን ውስጥ ጆን ኤምብሪ የሚባል ጥቁር ወጣት ይጫወት ነበር። አባቱ ለዴንቨር ብሮንኮስ የተጫወተ፣ እርሱም ከአውሮራ ጎረቤት ያለው የቼሪ ክሪክ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። በፕሮፌሽናል ሊግ ጥቂት ከተጫወተ በኋላ ወደ አሰልጣኝነት ገባ። ኮሎራዶ፣ ዩሲኤልኤ፣ ካንሳስ ሲቲ፣ ዋሽንግተን፤ በሁሉም ረዳት ነበር። በ1994 ማካርትኒ ሲለቅ ኤምብሪ በረዳቶቹ መካከል ነበር። ያኔ ልምድ ያለው ጥቁር ረዳት ቦብ ሲመንስ ታልፎ፣ የ33 ዓመቱ ሪክ ኒውሃይዝል ሲሾም አየ።

የኤምብሪ ተራ የደረሰው በ2010 መጨረሻ ነው። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ሆነ፤ የአምስት ዓመት ውልም ተሰጠው። በመጀመሪያው ዓመት 3 አሸንፎ 10 ተሸነፈ፤ በሁለተኛው 1 አሸንፎ 11 ተሸነፈ። በኅዳር 2012 ተሰናበተ። በስንብቱ ዕለት፣ እንደ እርሱ ያሉ አሰልጣኞች ሁለተኛ ዕድል እንደማያገኙ ተናገረ። ማካርትኒም ዝም አላለም፤ በግልጽ ደብዳቤ ዩኒቨርሲቲውን ተቃወመ። ክርክሩ በጥቅሉ፣ ጥቁር አሰልጣኝ የሚሰጠው ጊዜ ያጠረ ነው የሚል ነበር። ይህን ያለው የትዕግሥትን ዋጋ በራሱ ሕይወት ያየ ሰው ነው።

የዩኒቨርሲቲው ወገን ክርክርም ቀላል አይደለም። በፍሬዝኖ ስቴት 69 ለ14፣ በኦሪጎን 70 ለ14 መሸነፍ ለየትኛውም አሰልጣኝ ከባድ ነው። ከ1984 ወዲህ የስፖርቱ ገንዘብ አብጧል፤ ትዕግሥትም በየቦታው አጥሯል። አንድ ስንብት ብቻውን ስለ ዘር ምንም አያረጋግጥም።

ሆኖም ቀጥሎ የሆነውን ማየት ያስፈልጋል። የተተካው ነጩ አሰልጣኝ ማይክ ማኪንታየር፣ ሳን ሆዜ ስቴትን አሻሽሎ የመጣ ሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 10 አሸንፎ 27 ተሸነፈ፤ ነገር ግን ተጠበቀ። በአራተኛው ዓመት፣ በ2016፣ 10 አሸንፎ 4 ብቻ ተሸነፈ። እንግዲህ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ሰዎች በሽንፈት ጀመሩ። ሁለቱ አራተኛውን ዓመት አዩ፤ ሦስተኛው ሦስተኛውንም አላየም። ኤምብሪ ቢቆይ ያሸንፍ ነበር ማለት አይቻልም፤ የተነፈገውም ይህን የማወቅ ዕድል ነው።

ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ይህን ታሪክ ከሩቅ ማየት አይኖርባቸውም። በዚያው በ2012 መኸር አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ብሔራዊ ቡድኑን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አበቁ። በቀጣዩ ዓመት ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ እስከ መጨረሻው ዙር ደርሰው በናይጄሪያ ተሸነፉ። በ2014 ተሰናበቱ፤ ቦታውም ለፖርቱጋላዊ ተሰጠ። እዚያ መለያው ዘር አልነበረም። ግን የአገር ልጅ በስንት ወራት፣ የውጭ ሰው በስንት ዓመት ይመዘናል የሚለው ጥያቄ በየቡና ቤቱ ሲነሳ ኖሯል።

ከኤምብሪ በኋላ ሜል ታከር፣ ካርል ዶሬልና ዲዮን ሳንደርስ፣ ሦስቱም ጥቁሮች፣ ኮሎራዶን መርተዋል። በሩ መከፈቱ አያጠራጥርም። ሳንደርስ ግን የመጣው በረዳትነት መሰላል ሳይሆን፣ በተጫዋችነት ያተረፈውን ዝና ይዞና ጃክሰን ስቴትን በዋና አሰልጣኝነት መርቶ ነው። በ2023 በ4 ድልና በ8 ሽንፈት ጀምሮ፣ በ2024 በ9 ድልና በ4 ሽንፈት ጨረሰ። ኤምብሪ ግን ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ ተመልሶ፣ በክሊቭላንድ፣ በታምፓና በሳን ፍራንሲስኮ እንደገና ረዳት ሆነ።

የፓርክ ሂል ወላጆች ለፍርድ ቤቱ ያሳዩት አንድ ክፉ ውሳኔ ሳይሆን የውሳኔዎችን ዝርዝር ነበር። ስለ አሰልጣኞችም ፍትሕ የሚጠይቅ ሰው መጀመር ያለበት ከዚያው ነው፦ ማን ተቀጠረ ብሎ ሳያቆም፣ ለማን ስንት ዓመት ተሰጠ ብሎ መቁጠር።